«ከጥቅም ውጭ ተደረጉ» የሚለውን ስታነቡ

ውድ ልጆቼ፣

የግጭት ተንታኝ ለመሆን የምትመኙ አንዳንዶቻችሁ ከየት እንጀምር ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። ዕድሜዬን የፈጀሁት በቱርክ የጸጥታና የውጭ ፖሊሲ ላይ ነውና የምነግራችሁም ከዚያው ነው። (ቀኖቹም ዓመቶቹም በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የቱርክ መከላከያ ሚኒስቴር፣ መንግሥቱን ሲወጋ ስለኖረው የኩርዶች ድርጅት ስለ ፒኬኬ ታጣቂዎች መግለጫ ሲያወጣ «ኤትኪሲዝ ሃሌ ጌቲሪልዲ» ይላል፤ «ከጥቅም ውጭ ተደረጉ» እንደ ማለት ነው። ሥራውን በጀመርኩበት ሰሞን ይህን ባየሁ ቁጥር አሃዙን እንዳለ ወስጄ በሟቾች ዓምድ እሞላ ነበር። ለካ በባለሥልጣናቱ አጠቃቀም ሐረጉ የተገደለውንም፣ የተማረከውንም፣ እጁን የሰጠውንም ይጨምራል! ስንት በሕይወት ያለ ሰው በወረቀት ላይ እንደገደልሁ እግዚአብሔር ይወቀው። እኔ ደግሞ «ሙት፣ ቁስለኛና ምርኮኛ» የሚል የጦር ዜና በሬዲዮ እየሰማሁ ያደግሁ ሰው ነኝ። ሦስቱ በአንድ ቁጥር ታስረው ሲነገሩ ምን ያህሉ ሞተ፣ ምን ያህሉ ተማረከ ብሎ የሚጠይቅ በቤታችን አልነበረም። ያንን ጥያቄ ይዤ ወደ ሥራው መግባት ሲገባኝ ረስቼው ገባሁ።

ስለዚህ አስቀድማችሁ ቋንቋ ተማሩ። ቱርክኛ ብቻ አይበቃም። ኩርማንጂ የሚባለውን የኩርዶች ቋንቋም ቢያንስ ሐዘንተኛ ያለ አስተርጓሚ ሊያጫውታችሁ እስኪችል ድረስ ልመዱ። ያችን በጥቁር ድንጋይ ግንብ የተከበበች ከተማ አንዱ «ዲያርባክር»፣ ሌላው «አሜድ» ሲላት፣ ዋናውን ነገር ሳይጀምር ብዙ ነግሯችኋል። ሰማዕት የሚለውን ቃል ግን የወታደሩም አባት የታጣቂውም አባት ለልጃቸው ይጠሩበታል።

በ2015 መጨረሻ ውጊያው ከተራራ ወደ ከተማ ወረደ። በዲያርባክር አሮጌው ሰፈር በሱር፣ በጂዝሬና በኑሳይቢን ወጣቶች ጉድጓድ ቆፍረው መንገድ ዘጉ፤ መንግሥት ሌትና ቀን የሚጸና የሰዓት እላፊ አወጀ። እኔ ስቆጥር የነበሩኝ ዓምዶች ሦስት ነበሩ፦ የጸጥታ ኃይል፣ ታጣቂ፣ ሲቪል። አራተኛ ዓምድ የግድ ሆነብኝ፤ «ማንነቱ ያልተለየ ወጣት» አልሁት።

ከሱር ግንብ ውጭ ባለ ሻይ ቤት አንድ አባት አገኘሁ። በትንሿ ብርጭቆ የቀረበላቸው ሻይ ሳይነካ ቀዝቅዟል። ከኮታቸው ኪስ በላስቲክ የተጠቀለለ የልጃቸውን የትምህርት ቤት ካርድ አወጡና የሒሳብ ውጤቱ ላይ ጣታቸውን አኖሩ። ልጁ አያቱን ሊጠይቅ ሄዶ ሰዓት እላፊው እዚያው ያዘው አሉ። መንግሥት ታጣቂ ነው ብሎታል። የአባትየውን ቃል የሚያጸና ሌላ ምስክር አላገኘሁም፤ የመንግሥትን ቃል የሚያጸናም አላገኘሁም። በአራተኛው ዓምድ እንደምጽፈው ስነግራቸው ካርዱን መልሰው ጠቀለሉና ሳይሰናበቱኝ ወጡ። በኋላም አንድ ባለሥልጣን ያው ዓምድ እንዲጠፋ፣ ሁሉም ታጣቂ ተብለው እንዲመዘገቡ ወተወተኝ። አልነካሁትም። ያን ዓምድ ለማንም ብላችሁ እንዳትነኩ። አንድ ስም ከዚያ የሚወጣው እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሁለት ምንጮች ሲስማሙ ብቻ ነው።

እዚያው ሱር፣ ባለ አራት እግሩ ሚናሬት (የመስጊድ ማማ) ሥር፣ የዲያርባክር ጠበቆች ማኅበር ሊቀ መንበር ታሂር ኤልቺ በኅዳር 2015 በዚህ ስፍራ ጦር መሣሪያ አይሰማ ብለው መግለጫ ሰጥተው ወዲያው በጥይት ተገደሉ። ተከሰው የነበሩት ሦስት ፖሊሶች በ2024 በነጻ ተሰናበቱ። ካሜራ በተደቀነበት ቦታ እንኳ ነገሩ እንዲህ ነው።

የትንበያን ነገር ላንሳ። የካቲት 28 ቀን 2015 የመንግሥት ሹማምንትና የኩርዶች ደጋፊ ፓርቲ እንደራሴዎች በኢስታንቡል ዶልማባህቼ ቤተ መንግሥት ጎን ለጎን ተቀምጠው በእስር ያለውን የፒኬኬ መሥራች የአብዱላህ ኦጃላንን አሥር ነጥቦች ሲያነቡ፣ ሰላም ቀርቧል ብዬ ጻፍሁ። አምስት ወር ሳይሞላ ጦርነቱ ተመለሰ። የተሳሳትሁት ጠረጴዛውን ብቻ በማየቴ ነው። ድንበሩ ማዶ የሶሪያ ኩርዶች ከተማ ኮባኒ ነበረች፤ የሶሪያ ኩርዶች ዳኢሽን (አይኤስ የሚባለውን አክራሪ ቡድን) ተቋቁመው መሬት ሲይዙ አንካራ ያየችው ሌላ ፒኬኬ ነው። በሰኔው ምርጫ ደግሞ ያ ፓርቲ አሥር በመቶውን ገደብ አልፎ ምክር ቤት ሲገባ የኤርዶጋን ፓርቲ አብላጫውን አጣ። የቱርክን የውጭ ፖሊሲ ከአገር ውስጡ ነጥሎ የሚያነብ ሰው እንደ እኔ ይሳሳታል። የጻፋችሁትን ትንበያ ከነቀኑ በደብተር አኑሩና በየዓመቱ አንብቡት፤ ያማል፣ ግን አንብቡት።

ቱርክ ከሩሲያ ኤስ-400 የአየር መከላከያ ሚሳኤል ስለ መግዛቷና ከአሜሪካው የኤፍ-35 ተዋጊ ጄት ፕሮግራም ስለ መባረሯ ብዙ ተጽፏልና አልደግመውም። እናንተ አዘውትራችሁ የምትጠይቁኝ «ቱርክ ከእኛ ጋር ናት ወይስ ከሶማሊያ?» የሚለውን ነው። ጥያቄው ራሱ ያሳስታል። ኤርዶጋን በ2011 በረሀቡ ጊዜ ሞቃዲሾ ገቡ፤ በ2017 ቱርክ እዚያ ትልቅ የጦር ማሠልጠኛ ከፈተች። በኢትዮጵያም ፋብሪካዎች አሏት፤ በ2021 ወታደራዊ ስምምነት ተፈራርማለች። ሁለቱም ወገን ጋ የሚጠፋ ነገር ያላት መሆኗ ነው ያሸማገላት። ታኅሣሥ 11 ቀን 2024 የወጣውን የአንካራ መግለጫ ከዜናው ሳይሆን ከጽሑፉ አንብቡት። ኢትዮጵያ አስተማማኝ የባሕር መዳረሻ እንድታገኝ ይላል፤ ቀጥሎም «በሶማሊያ ፌዴራላዊ ሪፐብሊክ ሉዓላዊ ሥልጣን ሥር» ይላል። በዚያ ሰሞን አንዱ የመጀመሪያውን፣ ሌላው ሁለተኛውን ሐረግ ይዞ ሲጨፍር ነበር። ሁለቱን አንድ ላይ አንብቦ የሚያስረዳ ሰው ያስፈልገን ነበር፤ ያ ሰው ከእናንተ እንዲወጣ እሻለሁ።

ፒኬኬ በግንቦት 2025 ራሱን ማፍረሱን አወጀ። ሐምሌ 11 ቀን በሰሜን ኢራቅ ሱለይማኒያ አካባቢ ሠላሳ ያህል ታጋዮች፣ ሴቶችም ወንዶችም፣ ጠመንጃቸውን በትልቅ ድስት ውስጥ ደርድረው በእሳት ለኮሱት። ከ1984 ጀምሮ ከአርባ ሺህ በላይ ሰው የበላ ጦርነት ነው፤ ምስሉን እያየሁ አለቀስሁ። ከዚያ የድሮውን ሠንጠረዥ ከፈትሁ። የዚያ ተማሪ ልጅ ስም አሁንም በአራተኛው ዓምድ ነው። ፈርተው የነበሩ ምስክሮች አሁን ምናልባት ይናገሩ ይሆናል። እኔ ጉልበቴ ደክሟል፤ ከእናንተ ኩርማንጂ ተምሮ ወደ ሱር ለሚሄድ የአባትየውን ሰፈርና የሻይ ቤቱን ቦታ እነግረዋለሁ።