ከሰነዱ በፊት አስተርጓሚውን አስቢ

እህቴ፣ «ባለቤቴ አሜሪካ አሳይለም (ጥገኝነት) ጠይቆ ሰባት ዓመት ጠብቋል፤ አሁን ኢንተርቪው ተጠራ፤ ከአዳማ ምን ልላክለት?» ብለሽ ጠይቀሻል። የኔም ሰውዬ እዚያው ነው፤ የደረሰብንን ልንገርሽ።

1. አስተርጓሚ። ባለቤቴ ያመለከተው እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ነው። ጃንዋሪ 2018 ላይ የአሜሪካ ኢሚግሬሽን ሰዎች ወረፋውን ገለበጡት፤ አዲስ ያመለከተ ቀድሞ ይጠራል ተባለ። ለሥራ ፈቃድ ብሎ ብቻ የሚያመለክተውን ለመቀነስ ነው አሉ። ከሱ በኋላ የሄደ ጓደኛው ተጠርቶ ጨረሰ፣ የኛ ሰው ቁጭ! ማርች 2024 ላይ ደግሞ የተወሰኑ ኦፊሰሮች ከድሮው መዝገብ እንዲጀምሩ ተደረገ። በዚያው ዓመት ተጠራ። ቡና አፍልቼ ጎረቤት ሰበሰብኩ።

ጓደኛው በኮሮና ጊዜ ሲገባ መንግሥት በስልክ አስተርጓሚ አቅርቦለት ነበር። «አታስብ፣ እነሱ ያመጣሉ» አለው። ያ አሠራር ግን ሴፕቴምበር 2023 ላይ ቀርቷል፤ አስተርጓሚ ይዞ የሚመጣው ባለጉዳዩ ራሱ ነው። ባለቤቴ እዚያ ደርሶ ይህን ሲነግሩት የእህቱን ልጅ ጠራ። ልጁ 17 ዓመቱ፤ ከ18 በታች አይሆንም። ጠበቃውስ? እሱም ማስተርጎም አይፈቀድለትም። ሰባት ዓመት ጠብቆ ባዶ እጁን ተመለሰ። እኔም በስልክ ጮህኩበት፤ አሁን ሳስበው ያሳዝነኛል።

2. የጋብቻና የልደት ሰርተፊኬት፣ ተርጓሚው ከፈረመበት የእንግሊዝኛ ትርጉም ጋር። ሰርተፊኬት የሚሰጡበት ቢሮ ሦስት ቀን አመላልሰውኛል። አንድ ቀን «ሲስተም የለም»፣ ሌላ ቀን «ኃላፊዋ ስብሰባ ናት»። አንዷማ ስልኳን እየነካካች ቀና ብላም አላየችኝም። በአራተኛው ቀን ከጥበቃው ቀድሜ በር ላይ ቆምኩ፤ ሳልይዝ አልሄድም ብዬ አወጣሁት!

ደስ ብሎኝ ቤት ገብቼ ሳየው ልደቴ ላይ «ናዝሬት»፣ ጋብቻው ላይ «አዳማ» ይላል። ለኛ አንድ ነው። ተርጓሚው እንዳለ ገልብጦት ጠበቃው «ሁለት ከተማ ነው እንዴ?» አለ። ማብራሪያ ጽፈን አያያዝን። የስምሽንም ፊደል ከፓስፖርትሽ ጋር አስተያዪ፤ የኔ አንድ «ኤች» ጎድሎት ድጋሚ ከፍያለሁ።

3. ልጆቻችሁ በሙሉ የአሳይለም ማመልከቻ ፎርሙ ላይ ተጽፈው እንደሆነ ዛሬውኑ ጠይቂው። ከተፈቀደለት እናንተን ለማስመጣት የሚያመለክትበት ጊዜ ሁለት ዓመት ነው። የኔው በሁለተኛው ቀጠሮ የ30 ዓመት ጎልማሳ አስተርጓሚ ይዞ ገባ፣ ተፈቀደለት። አሁን የኔን ወረቀት እየጠበቅኩ ነው።

ሁለተኛው ተርጓሚ፣ ጎበዙ፣ ፍራንኮ አካባቢ ነው። በውስጥ ጻፊልኝ፣ አሳይሻለሁ።