«ላይሰለፍ ይችላል» እና «ሊሰለፍ አይችልም» አንድ ናቸው?

ጥያቄ፦ እኔና ጓደኞቼ የአርሰናል ደጋፊዎች ነን። ከጨዋታ በፊት ስለ አሰላለፍ ስንከራከር ብዙ ጊዜ የሚያጣላን የዜናው አማርኛ ነው። «ሳካ ላይሰለፍ ይችላል» ሲባል አንዱ «በቃ፣ የለም ማለት ነው» ይላል፤ ሌላው «ሊኖርም ይችላል» ይላል። «ሳይሰለፍ አይቀርም» ሲባልማ ግማሾቻችን ይሰለፋል፣ ግማሾቻችን አይሰለፍም ብለን ነው የምንረዳው። ደግሞስ «እገሌ ተቀየረ» ማለት ገባ ነው ወጣ? ቢያብራሩልን።

መልስ፦ አንድ አይደሉም። ልዩነቱን የሚፈጥረው አሉታው፣ ማለትም «አይደለም» የሚለውን ስሜት የሚሰጠው ክፍል፣ የተቀመጠበት ቦታ ነው። «ላይሰለፍ ይችላል» ውስጥ የተካደው መሰለፉ ነው፤ መቻሉ አልተካደም። «ላይሰለፍ» ሲፈታ «ል» እና «አይሰለፍ» ነው፤ የ«አይሰለፍም» መጨረሻ «ም» የወደቀው «ል» ስለቀደመው ነው። ስለዚህ ዜናው የሚነግራችሁ አለመሰለፉ ሊሆን የሚችል ነገር መሆኑን ብቻ ነው። «ሊሰለፍ አይችልም» ሲባል ግን አሉታው «ቻለ» ላይ ስላረፈ ነገሩ አልቆለታል።

መለያው ቀላል ነው። ከኋላው «ሊሰለፍም ይችላል» የሚል ጨምሩበት። «ላይሰለፍ ይችላል፤ ሊሰለፍም ይችላል» ቢባል ሰው አይደናገጥም። «ሊሰለፍ አይችልም፤ ሊሰለፍም ይችላል» ያለ ሰው ግን ራሱን በራሱ አፍርሷል። እንግዲህ «ሊኖርም ይችላል» ያለው ጓደኛዎ ልክ ነው።

ሆኖም «የለም ማለት ነው» ያለውም ከመሬት ተነሥቶ አልተናገረም። «ሊሰለፍ ይችላል» እና «ላይሰለፍ ይችላል» በሒሳብ ቢታዩ እኩል ናቸው፤ ሁለቱም አልታወቀም ማለት ናቸው። በአነጋገር ግን እኩል አይደሉም። ተናጋሪው «ላይሰለፍ ይችላል» የሚለው መሰለፉ ሲጠበቅ ለነበረ ተጫዋች ነው፤ በየሳምንቱ ቋሚ የሆነ ሰው ልምምድ ላይ ሲያነክስ ታይቶ ከሆነ። «ሊሰለፍ ይችላል» የሚባለው ደግሞ አይኖርም ተብሎ ለተቆጠረ ነው፤ ወራት ርቆ ለቆየና ልምምድ ለጀመረ። የሳካ ጉዳይ ልዩነቱን ያሳያል። ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ከክሪስታል ፓላስ ጋር ሲጫወቱ የታፋውን የኋላ ጡንቻ ተጎድቶ ወጣ፤ ቀዶ ሕክምናም ተደረገለት። በዚያ ሰሞን ትክክለኛው አማርኛ «ሊሰለፍ አይችልም» ነበር፤ ማመንታት የሚገባው ነገር አልነበረውም። መጋቢት 23 ቀን ከፉልሃም ጋር ሊጫወቱ ሲሉ ግን «ሊሰለፍ ይችላል» የሚለው ቦታውን ያገኛል። በዚያ ቀን «ላይሰለፍ ይችላል» ብሎ የጻፈ ሰው ሰዋስው አልሳተም፤ ግን አንባቢውን አዲስ ጉዳት የደረሰ ያህል ያስደነግጠዋል።

ወደ «ሳይሰለፍ አይቀርም» እንምጣ፤ ትልቁ ወጥመድ ይኸኛው ነው። ሁለት አሉታ አለበት፤ «ሳይሰለፍ» አንድ፣ «አይቀርም» ሁለት። ሁለቱ ተጣፍተው የሚሰጡት ትርጉም ደግሞ አዎንታ ነው፦ የመሰለፍ ዕድሉ ያመዝናል፣ ይሰለፋል ብዬ እገምታለሁ። አይሰለፍም ብለው የሚረዱት ጓደኞችዎ «ሳይሰለፍ»ን ሰምተው ወደ ማሰሪያው፣ ዓረፍተ ነገሩን ወደሚዘጋው ግስ፣ ሳይደርሱ የፈረዱ ናቸው። አማርኛ ፍርዱን የሚሰጠው በማሰሪያ አንቀጹ ስለሆነ እስከዚያ መታገሥ ግድ ነው። «ሳይሰለፍ ቀረ» ቢሆን ሳይጫወት አለፈው ማለት ነው፤ «ሳይሰለፍ አልቀረም» ቢሆን ግን ተሰልፎ ይሆናል ማለት ነው። በጉዳት ዜና ላይ ይኸው መዋቅር ከዚህ የከፋ ስሕተት ያመጣል። «ሳይጎዳ ቀረ» የምሥራች ነው፤ ተረፈ። «ሳይጎዳ አልቀረም» መርዶ ነው፤ የተጎዳ ይመስላል። በሁለቱ መካከል ያለው ማሰሪያው ላይ የተጨመረው አሉታ ብቻ ነው፤ በሬዲዮ በጥድፊያ ሲነበብ ለጆሮ ያመልጣል። ስለዚህ የስፖርት ጋዜጠኞችን አጥብቄ የምለምነው «ሳይጎዳ አልቀረም» ማለትን ትተው «የተጎዳ ይመስላል» እንዲሉ ነው።

አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ «መሰለፉ አይቀርም» አለ። ይህ ግምት አይደለም፤ እርግጠኛነት ነው። «ሳይሰለፍ አይቀርም» ያለ ጋዜጠኛ ተጫዋቹ ባይሰለፍ አይጠየቅም፤ «መሰለፉ አይቀርም» ያለ ግን ይጠየቃል። «መሰለፉ ያጠራጥራል» ደግሞ ሚዛኑን ወደ አለመሰለፍ ያዘነብላል። ማንም የማይስተው አጻጻፍ ከፈለጋችሁ «መሰለፉ ገና አልተረጋገጠም» በቂ ነው።

ጥያቄዎ ውስጥ ባይኖርም ከክርክሩ የማይለይ ነገር ልጨምር፦ ምክንያቱ። «አይሰለፍም» የሚለው ቃል ለምን እንደማይሰለፍ አይናገርም። አካሉ ካልፈቀደ «ሊሰለፍ አይችልም» ጥሩ ነው። ደንብ ከከለከለው «መሰለፍ አይፈቀድለትም» ይሻላል፤ በፕሪሚየር ሊግ በውሰት የተሰጠ ተጫዋች ባለቤት ክለቡን ሊገጥም አይፈቀድለትም፤ ጤንነቱ ግን ሙሉ ነው። አሰልጣኙ ስላልፈለገው ከሆነ ደግሞ «አያሰልፈውም» በሉ። «ተሰለፈ» ባለቤቱን ተጫዋቹን ያደርጋል፤ «አሰለፈ» አሰልጣኙን። በዚህች አንዲት «አ» የሚቆም ስንት ጭቅጭቅ አለ!

ለምሳሌ ግንቦት 18 ቀን 1991 ዓ.ም. በቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ ባርሴሎና ላይ ማንቸስተር ዩናይትድ ባየር ሙኒክን ሲገጥም ሮይ ኪንና ፖል ስኮልስ አልነበሩም። ሁለቱንም ከዚያ ጨዋታ ያስቀራቸው ቱሪን ላይ በግማሽ ፍጻሜው ያዩት ቢጫ ካርድ ነው። የዩናይትድ አሰልጣኝ ፈርጉሰንም ቤካምን ከቀኝ ክንፍ ወደ መሀል አምጥቶ ከኒኪ በት ጋር አጣመረው፣ ጊግስን ወደ ቀኝ ወሰደው፣ ግራውን ለብሎምክቪስት ሰጠ። «ስኮልስ ሊሰለፍ አልቻለም» ብቻ ብሎ ማለፍ ያላየውን ሰው ጉዳት ያስመስልበታል፤ «በቅጣት አልተሰለፈም» ቢባል ነገሩ ይለያል። በቅጣት ዜና ውድድሩንም መጥራት አይዘንጋ። በፕሪሚየር ሊጉ በመጀመሪያዎቹ 19 ጨዋታዎች 5 ቢጫ ያየ ተጫዋች 1 ጨዋታ ይቀጣል፤ ቅጣቱ ግን ወደ ቻምፒየንስ ሊግ አይሻገርም። «ለቀጣዩ ጨዋታ አይደርስም» ተብሎ ቀጣዩ ጨዋታ የማክሰኞው የአውሮፓ ግጥሚያ ከሆነ ዜናው ሐሰት ሆነ ማለት ነው።

ስለ «ተቀየረ» የጠየቁትን በዚያው ጨዋታ ላስረዳ። በ81ኛው ደቂቃ አንዲ ኮል ወጥቶ ሶልሻየር ገባ። «ኮል በሶልሻየር ተቀየረ» ቢባል የወጣው ኮል ነው፤ «በ» የሚያርፈው በምትኩ በመጣው ላይ ነው፤ ጎማ በአዲስ ጎማ ተቀየረ እንደምንለው። «ሶልሻየር ተቀየረ» ብቻ ከተባለ ግን አድማጩ ወጣ ብሎ ነው የሚረዳው፤ ስለዚህ ለገባው ሰው «ተቀይሮ ገባ» ብሎ መጨረስ ያስፈልጋል። «ቀየረ» ደግሞ የራሱ ችግር አለው። «ኮልን ቀየረው» ሲባል ቀያሪው ፈርጉሰን ይሁን ሶልሻየር አይታወቅም። እኔ የምመርጠው «ሶልሻየር ኮልን ተክቶ ገባ» የሚለውን ነው። «ን» የወጣውን ታሳያለች፣ «ገባ» የገባውን፤ ለክርክር የሚተርፍ የለም።

«ተጠባባቂ» እና «ተቀያሪ»ም ባይቀላቀሉ ጥሩ ነው። ፕሪሚየር ሊግ ላይ ወንበር ላይ የሚቀመጡት 9 ናቸው፤ ከእነሱ ሊገቡ የሚችሉት 5 ብቻ። ዘጠኙን በሙሉ «ተጠባባቂ» ብንል፣ ሜዳ የረገጡትን ደግሞ «ተቀይረው የገቡ» ብንል ይጠራል። መጋቢት 23 ሳካ ተጠባባቂ ነበር፤ በሁለተኛው አጋማሽ ተቀይሮ ገብቶ በጭንቅላት ግብ አስቆጠረ፤ አርሰናልም 2 ለ 1 አሸነፈ። ያን ቀን «ሳካ አልተሰለፈም» ያለና «ኧረ ተጫውቷል» ያለ ሁለት ደጋፊ ቢጣሉ ሁለቱም እውነት አላቸው፤ አንዱ «ተሰለፈ»ን ለመጀመሪያዎቹ 11 ብቻ ይጠቀምበታል፣ ሌላው ሜዳ ለገባ ሁሉ። «በቋሚነት አልተሰለፈም፤ ተቀይሮ ገብቷል» ብለው ይጻፉ።