ሐምሌ ሲገባ ግድግዳው ለምን ይረጥባል?

ጥያቄ፦ ቤታችን ቀበና፣ ተዳፋት ላይ ነው። የላይኛው ጎረቤት ግቢ ከእኛ ወለል አንድ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። በየዓመቱ ከሐምሌ አጋማሽ ጀምሮ የጓዳው ግድግዳ ይረጥባል፤ እስከ ጥቅምት አይደርቅም። አምና ከውስጥ በውሃ መከላከያ ሲሚንቶ አስለሰንነው፤ ዘንድሮ ውሃው በወለሉ በኩል ወጣ። ምን ይሻለናል?

መልስ፦ ጥፋቱ የግንበኛው አይደለም። ከግድግዳው ጀርባ አፈር ውስጥ የተጠራቀመው ውሃ እየገፋ ነው፤ በአንድ በኩል ሲዘጉት በሌላ በኩል ይወጣል። ቤቱ ጋ ሳይደርስ ከላይ መያዝ አለበት።

ከመቆፈርዎ በፊት ግን የውሃውን ምንጭ ይለዩ። ማታ የሮቶውን መሙያ ጨምሮ ቧንቧዎችን ሁሉ ዘግተው የቆጣሪውን ቁጥር ይጻፉ። ጠዋት ቁጥሩ ጨምሮ ካገኙት ግቢዎ ውስጥ የሚያፈስ መስመር አለ። እርጥበቱ በጥርና በየካቲትም የማይለቅ ቢሆን ኖሮ ቧንቧን ወይም የሽንት ቤት ጉድጓድን እንጠረጥር ነበር። የእናንተው ክረምት መጥቶ ጥቅምት ስለሚሄድ የዝናብ ውሃ ይመስላል። ዝናቡ መስከረም ላይ ቢያባራም፣ ወደ አፈሩ የሰረገው ውሃ ቁልቁል የሚሄደው ቀስ እያለ ስለሆነ ሳምንታት ይቆያል።

ቀጥሎ ጣሪያውን ይመልከቱ። አንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 1 ሊትር ውሃ ነው። 80 ካሬ ጣሪያ 30 ሚሊ ሜትር ሲዘንብበት 2,400 ሊትር ያወርዳል። አሸንዳው ይህን ሁሉ ግድግዳው ሥር የሚደፋ ከሆነ ሌላ ጠላት መፈለግ አያስፈልግም። ውሃውን በዝግ ቱቦ ከቤቱ ያርቁት፤ የቤቱን ዙሪያ የሲሚንቶ ንጣፍም በየሜትሩ 2 ሳንቲም ወደ ውጭ ያዘቅዝቁት። አንዳንድ ቤት ይኸው ብቻ ይበቃዋል፤ ስለዚህ አንድ ክረምት ሳይሞክሩት ለቁፋሮ ገንዘብ አያውጡ።

ካልበቃ በላይኛው ጎረቤት በኩል፣ በግድግዳውና በአጥሩ መካከል፣ 40 ሳንቲም ስፋት ያለው ቦይ ያስቆፍሩ። ግርጌው ከጓዳው ወለል 30 ሳንቲም ዝቅ ይበል። እዚህ ላይ እባክዎ ይጠንቀቁ፦ የቦዩ ግርጌ ከቤቱ መሠረት ግርጌ 50 ሳንቲም ዝቅ የሚል ከሆነ ከመሠረቱ ጠርዝ ቢያንስ 1 ሜትር ይራቅ። ለጎረቤት አጥር መሠረትም ያው ነው። ቦታው ካልበቃ መሐንዲስ ሳያይ አይቆፈር። ሥራው በበጋ፣ በሦስት በሦስት ሜትር እየተቆፈረና እየተሞላ ይሂድ፤ ጥልቀቱ ከ1.2 ሜትር ካለፈ ጎንና ጎኑ በጣውላ ይደገፍ። እርጥብ አፈር ሳያስጠነቅቅ ሰው ላይ ይናዳል።

ቦዩን መጀመሪያ ጂኦቴክስታይል በሚባለው፣ ውሃ አሳልፎ አፈር በሚያስቀር ጨርቅ ያልብሱት። 5 ሳንቲም የታጠበ ጠጠር ያንጥፉና 110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ቱቦ ያስተኙበት። የተበሳ ቱቦ ካጡ በ8 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ በየ10 ሳንቲሙ ሁለት ረድፍ ይብሱት። ቀዳዳው ወደ ታች ይዙር። ውሃው ቦዩን ከሥር ወደ ላይ ነው የሚሞላው፤ ቀዳዳው ላይ ከሆነ ቱቦው እስኪሰጥም ድረስ ምንም አይገባም። ተዳፋቱ በየሜትሩ 1 ሳንቲም ነው፤ ለ15 ሜትር 15 ሳንቲም። በዓይን ግምት አይሁን፣ በጎማ ውሃ ልክ ይለካ። ጠጠሩ 80 ሳንቲም ከፍታ ቢኖረው ለ15 ሜትር ወደ 5 ሜትር ኩብ ይፈልጋል። በጠጠር ፋንታ ገረገንቲ አይጠቀሙ፤ ደቃቁ ቀዳዳውን ይደፍናል። ጨርቁን ከላይ አጥፈው በ20 ሳንቲም የተጠቀጠቀ ሸክላ አፈር ይክደኑት፤ ያለዚያ የላዩ ጎርፍ ደለሉን ይዞ ይገባበታል። በየማዕዘኑ ቱቦው የሚታጠብበት ክዳን ያለው ፖዜቶ (ትንሽ የመፈተሻ ጉድጓድ) ይተዉ።

መውጫው ከቦዩ ግርጌ ዝቅ ያለ ቦታ ይሁን። የመንገዱ ቦይ ከፍ ካለ መሰብሰቢያ ጉድጓድና ፓምፕ ያስፈልጋል። ከመንገዱ ቦይ ጋር ለማገናኘት ወረዳውን ያስፈቅዱ። ወደ ፍሳሽ መስመር ግን ፈጽሞ አያገናኙት፤ ከባድ ዝናብ ሲመጣ መስመሩ ሞልቶ በመጸዳጃ ቤትዎ ይመለሳል።

ጥያቄ፦ ቂርቆስ ነን፤ አፈሩ ጥቁር ነው። የጣሪያውን ውሃ ድንጋይ በተሞላ ማስረጊያ ጉድጓድ ብናስቀብረውስ?

መልስ፦ በጥቁር አፈር አንመክርም። ለማረጋገጥ ጎኑና ጥልቀቱ 30 ሳንቲም የሆነ ጉድጓድ ቆፍረው ውሃ ይሙሉ፣ ያሳድሩት፣ ጠዋት እንደገና ይሙሉት። በሰዓት 1 ሳንቲም እንኳ ካልጎደለ ማስረጊያው ኩሬ ነው የሚሆነው። በዚያ ላይ ጥቁር አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ የቤቱ አንድ ጎን ብቻ ሲረጥብ ያ ጎን ተነሥቶ ግድግዳው ይሰነጠቃል። በሮቶ ያጠራቅሙት፤ ትርፉን ወደ መንገዱ ቦይ ይልቀቁት።

ጥያቄ፦ የመሠረት ጉድጓዳችን ውሃ አመነጨ። ኮንክሪቱ እዚያው ላይ ይሞላ?

መልስ፦ አይሞላ። ውሃ ውስጥ የተደፋ ኮንክሪት ሲሚንቶው ይታጠባል፣ ጠጠሩ ብቻውን ይቀራል። ከፉቲንጉ (ከመሠረቱ ግርጌ ኮንክሪት) ውጭ፣ በማዕዘን በኩል፣ 50 ሳንቲም ጠለቅ ያለ መሰብሰቢያ ያስቆፍሩና ውሃውን በፓምፕ ይሳቡ። ጭቃ የሆነው አፈር ተጠርጎ በሊን ኮንክሪት (ሲሚንቶው ባነሰ ስስ የኮንክሪት ንጣፍ) ይሸፈን፤ ብረቱ ከዚያ በኋላ ይታሰር። ፓምፑ ኮንክሪቱ እስኪጠነክር መሥራቱን ይቀጥል፤ ግን ከመሰብሰቢያው ብቻ ይሳብ። ትኩስ ኮንክሪት አጠገብ ከሳበ ሲሚንቶውንም አብሮ ይወስዳል።