ጥያቄና መልስ፦ ሲግማ ይሻላል ታምሮን?

ጥያቄ፦ ጅማ ውስጥ የሠርግ፣ የኒካህና የምረቃ ፎቶ አነሳለሁ፤ አንዳንዴ ቪዲዮም እቀርጻለሁ። ካሜራዬ ካኖን 700ዲ ነው፤ የምሠራው አብሮት በመጣው 18-55 ሌንስ ነው። ድንኳንና አዳራሽ ውስጥ ፎቶው ወይ ይጨልማል ወይ ብዥ ይላል። የካኖኑ 17-55 ኤፍ 2.8 ከአቅሜ በላይ ነው። ያገለገሉ ሦስት 17-50 ኤፍ 2.8 ሌንሶች አግኝቻለሁ፦ ቪሲ (የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያረጋጋ ክፍል) የሌለው ታምሮን፣ ቪሲ ያለው ታምሮን እና ሲግማ። የትኛውን ልውሰድ?
*ፎቶ አንሺ፣ ከጅማ*

መልስ፦ ሲግማውን ይውሰዱ፤ ግን ከዚህ በታች ያለውን ፈተና ካለፈ ብቻ። በእነዚህ ሌንሶች ላይ ከስሙ ይልቅ እጅዎ የገባችው አንዷ ሌንስ ትወስናለች፤ አንድ ፋብሪካ ያወጣቸው ሁለት ሌንሶች እንኳ እኩል አይወጡም።

የአሁኑ ሌንስዎ ዙሙ 55 ላይ ሲደርስ ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም (የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ የብርሃን ቀዳዳው ይሰፋል)። ኤፍ 2.8 አራት እጥፍ ብርሃን ያስገባል። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 3200 ላይ 1/30 ሰከንድ ያስፈልግዎ የነበረው ፎቶ፣ አይኤስኦውን ሳይነኩ በ1/125 ይነሳል። ጨፋሪን ከብዥታ የሚያድነው ይህ ነው። ቪሲም ሆነ ተመሳሳዩ የሲግማው ኦኤስ የሚያረጋጋው የእርስዎን እጅ እንጂ የሚጨፍረውን ሰው አይደለም። ቀለበት፣ የተደረደረ ምግብ፣ ጂሬን ላይ ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የውስጥ ክፍል የመሰለ የማይንቀሳቀስ ነገር ሲያነሱ ይጠቅማል፤ ያለ ትሪፖድ ቪዲዮ ሲቀርጹ ደግሞ በጣም ይጠቅማል።

ቪሲ የሌለው ታምሮን ቀላል ነው፤ 430 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ፊልተሩ 67 ሚሊሜትር ነው። መሀሉ ኤፍ 2.8 ላይም ጥርት ያለ ነው። ጉድለቱ ሞተሩ ይጮሃል፤ ድምፁ ቪዲዮ ውስጥ ይገባል። ፎቶ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሥራዎ፣ ርካሹን ይህን ይዘው ይሂዱ እንል ነበር። ቪሲ ያለው ታምሮን 570 ግራም ነው፤ ጥራቱ ግን ቪሲ ከሌለው ታላቅ ወንድሙ አይበልጥም፣ ጠርዙ ላይ እንዲያውም ይለሰልሳል። ሲግማው በክብደት ከእሱ ጋር እኩል ነው፣ ፊልተሩ 77 ነው፣ ሞተሩ ጸጥተኛ ነው። ፎከስ ሲያደርግ የፎከስ ቀለበቱ አብሮ ስለሚዞር ጣትዎ እንዳይዘው ይጠንቀቁ።

አሁን ፈተናው። ካሜራዎን ይዘው ይሂዱ፤ ባለሌንሱ በሌላ ካሜራ ቢያሳይዎ አይበቃም። 700ዲ የሌንስን የፎከስ ስህተት ከሜኑ ማረም አይችልምና፣ ሌንሱ ከእርስዎ ካሜራ ጋር መስማማቱን ማየት ግድ ነው። ጽሑፍ ያለባቸውን ሦስት የሻይ ቅጠል ፓኮዎች አንዱን ከሌላው 5 ሴንቲሜትር ወደ ኋላና ወደ ጎን ፈቀቅ አድርገው ያቁሙ። ካሜራውን ጠረጴዛ ላይ አስደግፈው፣ ከ1 ሜትር፣ በ50 እና በኤፍ 2.8፣ በመመልከቻው (ዓይን በሚጠጋበት መስኮት) እያዩ መሀለኛው ፓኮ ላይ በመሀለኛው ነጥብ ፎከስ አድርገው አሥር ጊዜ ያንሱ። በየመሀሉ ፎከሱን በእጅ ያፋልሱት። ከዚያ ያንኑ በላይቭ ቪው (በካሜራው ስክሪን እያዩ) ይድገሙ። በላይቭ ቪው ጥርት ብሎ በመመልከቻው ሁልጊዜ የፊተኛው ወይም የኋለኛው ፓኮ ከጠራ፣ ሌንሱና ካሜራው አልተስማሙም፤ ይተዉት።

ቀጥሎ የጡብ ግድግዳ ፊት ለፊት ቀጥ ብለው በ17 ያንሱ። አራቱም ጥግ እኩል ቢለሰልስ የተለመደ ነው። አንዱ ጥግ ብቻ ብዥ ካለ የሌንሱ ውስጥ ተዛንፏል፤ ወድቆ ሊሆን ይችላል። በመጨረሻ በኤፍ 2.8 አንዴ፣ በኤፍ 8 አንዴ ያንሱ። በኤፍ 2.8 ሠርቶ በኤፍ 8 «Err 01» ከሚለው የስህተት ምልክት ጋር ከቆመ፣ አፐርቸሩን (የብርሃን ቀዳዳውን) የሚያዘው ስስ ሪባን ገመድ ሳይበጠስ አይቀርም፤ ዙሙ ሲወጣና ሲገባ እየታጠፈ ስለሚያልቅ በእነዚህ ሌንሶች ላይ ብዙ ይታያል።

ጥያቄ፦ ኒኮን ዲ3200 ላይ የገጠምኩት አሮጌ ታምሮን 17-50 ፎከስ አያደርግም። ተበላሽቷል?

መልስ፦ ላይሆን ይችላል። በዲ3000 እና በዲ5000 ተርታ ያሉ ኒኮኖች ውስጥ የፎከስ ሞተር የለም፤ የመጀመሪያው ታምሮን ደግሞ ከካሜራው ሞተር ይጠብቃል። ዲ90 ወይም ዲ7000 ላይ ገጥመው ይሞክሩት። ከሠራ ደህና ነው፤ ለእርስዎ ካሜራ ግን ሞተር የተሠራበት ዓይነት ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ በክረምት ሌንሴ እንዳይሻግት ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጅማ ዝናብ የሚበዛበት አገር ስለሆነ፣ ሌንስን በቆዳ ቦርሳ ዘግቶ ማስቀመጥ ሻጋታን መጋበዝ ነው። አየር የማያስገባ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከሲሊካ ጄልና ከትንሽ የእርጥበት መለኪያ ጋር ያኑሩት፤ ከ40 እስከ 50 በመቶ ይበቃል። ሩዝ አይጠቀሙ፤ ዱቄቱ ዙሙ ውስጥ ይገባል። ቀለም የሚቀይረው ሲሊካ ወደ ሮዝ ሲለወጥ፣ ምግብ በማይሠራበት መጥበሻ በዝግታ ያሙቁት፤ ወደ ሰማያዊ ሲመለስ ቀዝቅዞ ይመለስ።