«ክፍፍል» ወይስ «ልየታ»?

ጥያቄ፦ «ለክፍል በማቀርበው ጽሑፍ ላይ ስለ ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሞንተስኪዩ ሳነሣ "የሥልጣን ክፍፍል" አልኩ። ጓደኛዬ "ይሄማ ወንበር መቃረጥ ነው" ብሎ ሳቀብኝ። ምን ልበል?»

መልስ፦ ጓደኛዎ በከንቱ አልሳቀም።

«ክፍፍል» የ«ከፈለ» ልጅ ነው። «ከፈለ» አማርኛ ውስጥ የገንዘብ ነገር ተጣብቆበት «ክፍያ»ን ወልዷል። «የውርስ ክፍፍል»፣ «የትርፍ ክፍፍል» ስንል እያንዳንዱ ድርሻውን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሞንተስኪዩ ያሰበው ይህን አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1748 የታተመው «የሕግጋት መንፈስ» 11ኛ ክፍሉ ላይ፣ የመፍረድ ሥልጣን ከሕግ አውጪውና ከአስፈጻሚው ካልተለየ ነጻነት የለም ይላል። «ካልተለየ» የሚለውን ልብ ይበሉ፤ የፈረንሳይኛው ግስም መለየት ነው። ዳኛው ሕግ አውጪም ከሆነ የዜጋው ሕይወት በዘፈቀደ ሥልጣን እጅ ይወድቃል፤ አስፈጻሚም ከሆነ የጨቋኝ ጉልበት ያገኛል። ከእርሱ በፊት እንግሊዛዊው ፈላስፋ ሎክም ሥልጣንን ሦስት አድርጎ ነበር። ሦስተኛው ግን የጦርነት፣ የሰላምና የውል ጉዳይ እንጂ ፍርድ አልነበረም። ዳኛውን ከሦስቱ እንደ አንዱ ለብቻው ያቆመው ሞንተስኪዩ ነው።

ስለዚህ እኔ «የሥልጣን ልየታ» እላለሁ። «ለየ» የግእዙ «ሌለየ» ዘመድ ነው፤ «ልዩ»ም ከዚያው ነው። «ሥልጣን»ንም በንጉሡ «ሠ» ይጻፉልኝ። ግእዙ «ሠልጠነ» ገዛ፣ አዘዘ ማለት ነው። የዐረቦቹ «ሱልጣን» ዘመዱ ነው፤ «ሥልጣኔ»ም ከዚሁ ቤት የወጣ ነው። ይህን አልጠየቁኝም፤ ግን በእሳቱ «ሰ» ተጽፎ ሳየው ዐይኔን ይቆረቁረኛል።

«ሞንተስኪዩ ራሱ ስለ ክፍፍል ጽፏል» የሚሉ አሉ። እዚያው ክፍል ውስጥ፣ በሮም ነገሥታት ዘመን ሦስቱ ሥልጣናት እንዴት እንደተደለደሉ የሚል የምዕራፍ ርእስ አለ፤ አልክድም። ድልድል ግን ክፍፍል አይደለም ብዬ እከራከራለሁ፤ ክርክሬ ቀጭን ቢሆንም።

ሌላው ሙግታቸው ይከብዳል። «ልየታ» ካልን ሦስቱ ጨርሶ የማይነካኩ ያስመስላል ይላሉ። ከአሜሪካ ሕገ መንግሥት አርቃቂዎች አንዱ የሆነው ማዲሰንም እ.ኤ.አ. በ1788 ይህንኑ አንሥቶ፣ ሞንተስኪዩ አንዱ በሌላው ሥራ ጭራሽ አይግባ አላለም ብሎ ተከራክሯል። የአሜሪካን ሕገ መንግሥት ይዩ። ፕሬዚዳንቱ ረቂቅ ሕግ ይመልሳል፤ ሁለቱ ምክር ቤቶች በ2/3 ድምፅ መልሰው ያጸድቁታል። ለጠቅላይ ፍርድ ቤት የሚያጨውን ዳኛ ሴኔቱ እሺ ካላለ ሹመት የለም። ሥልጣን ሥልጣንን ይግታ የተባለው ይህ ነው። ግን እኮ ለመገታታትም መጀመሪያ ሁለት መሆን ያስፈልጋል! አንድ ሰው ራሱን ሲገታ አላየሁም።

ደግሞ «ክፍፍል» በቂ ሥራ አለው። የፌዴራል መንግሥቱና የክልሎች ጉዳይ ሲነሣ የምንጠራው እርሱኑ ነው። እዚያ ያምርበታል፤ ይህ የእኔ፣ ያ የአንተ ነውና። በአንድ ቃል ሁለቱንም ስንጠራ አንባቢው የትኛውን እንደያዘ በምን ያውቃል?

ይሁንና ጋዜጣውም፣ መምህሩም፣ ፖለቲከኛውም «ክፍፍል» ብሎ ለምዷል፤ «ልየታ» የሚለኝ ሰው የማገኘው ከስንት አንዴ ነው። እንግዲህ ምን ይደረግ! ጽሑፍዎ ላይ እንዳለ ይተዉት፤ ስሕተት ነው የሚልዎት የለም። ብቻ መጀመሪያ ሲጠቅሱት «በሕግ አውጪ፣ በአስፈጻሚና በዳኛ መካከል» ብለው ያስከትሉበት።