ስለ ጳጳሳችን ስንጸልይ ምን እያልን ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ፒያሳ አካባቢ ነው፤ እሑድ እሑድ በካቶሊክ ካቴድራል አስቀድሳለሁ። በየቅዳሴው የጳጳሳችን ስም ይጠራል፣ እንጸልይላቸዋለን። እውነቱን ልንገርዎትና አንዳንድ ውሳኔያቸው አይዋጥልኝም። ታዲያ የማልስማማቸውን አባት ስም እየጠራሁ ስጸልይ ማስመሰል አይሆንብኝም? ደግሞ «ጳጳሳችንን እናግዝ» ይባላል። እኔ ወር ጠብቄ በደመወዝ የምኖር ሰው ነኝ። ከሙዳየ ምጽዋት ሌላ በምን ላግዝ?

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። ይህን በግልጽ በመጠየቅሽ ደስ ብሎኛል። ብዙ ሰው ይህንኑ በሆዱ ይዞ ነው የሚያስቀድሰው።

ማስመሰል አይሆንብሽም። ለጳጳስ የሚጸልይ ሰው በውሳኔያቸው ሁሉ ላይ ፊርማውን አላኖረም። ጌታ ለጴጥሮስ የጸለየው መቼ እንደሆነ ተመልከቺ። ጴጥሮስ ሊክደው ጥቂት ሰዓት ሲቀረው ነው። «እኔ ግን እምነትህ እንዳይጠፋ ስለ አንተ አማለድሁ» አለው (ሉቃ. 22፥32)። እንደሚወድቅ እያወቀ ጸለየለት። እዚያው ላይ ወንድሞቹን እንዲያጸና አደራ ሰጠው። ስለዚህ ውሳኔያቸው ካልተዋጠልሽ የምትጸልዪበት ምክንያት ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።

እስቲ በሚቀጥለው እሑድ ልብ በዪ። የጳጳሱ ስም ሲጠራ አንዷ ነጠላዋን ታስተካክላለች። አንዱ ልጁን ይቆጣል። ሌላው ስልኩ ድምፁ መዘጋቱን ያያል። ስሙ ተጠርቶ አለፈ። ይቺ ቅጽበት ሁልጊዜ ታሳዝነኛለች። የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና፣ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው፣ የግዕዝ ሥርዓታችንም የሚመራበት፣ ካህናት ሁሉ በቅዳሴ የሀገረ ስብከቱን ጳጳስ እንዲያስቡ ያዛል። ስማቸውን ስንጠራ የምንቀድሰው ከመላዋ ቤተ ክርስቲያን ጋር ሆነን እንደሆነ እንመሰክራለን። ልጆቻችን ሲጠመቁ የሚቀቡት ሜሮን በጳጳስ የተባረከ ነው። ኑዛዜሽን የሚሰማሽ ካህን በጳጳስ እጅ የተሾመ ነው። በ2ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ቅዱስ አግናጥዮስ ዘአንጾኪያ ታስሮ ወደ ሮም ሲወሰድ፣ ጳጳሱ ባሉበት ሕዝቡም በዚያ እንዲሆን ለሰምርኔስ ክርስቲያኖች ጽፎላቸዋል። ይህን የጻፈው ራሱ ጳጳስ ሆኖ፣ ሰማዕትነት እየጠበቀው ነው።

ጳጳሳቱስ ጸሎታችንን ይፈልጋሉ? እንዴታ! ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት (ር.ሊ.ጳ.) ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. መጋቢት 13 ቀን 2013 በተመረጡበት ምሽት በሰገነቱ ላይ ሲወጡ አደባባዩ በሰው ተሞልቶ ነበር። ሕዝቡ ቡራኬ ይጠብቃል። እርሳቸው ግን ከመባረካቸው በፊት ሕዝቡ እንዲጸልይላቸው ለመኑና አንገታቸውን ደፉ። ያ ሁሉ ሰው ጸጥ አለ። ቅዱስ አውግስጢኖስም ለምእመናኑ «ለእናንተ ጳጳስ ነኝ፣ ከእናንተ ጋር ክርስቲያን ነኝ» ይላቸው ነበር። የመጀመሪያው ያስፈራዋል፣ ሁለተኛው ያጽናናዋል።

ጵጵስና ከሩቅ ሲታይ መስቀልና ወንበር ነው። አቡነ ያዕቆብ የምንላቸው ጣልያናዊው ሚስዮናዊ ቅዱስ ዩስጢኖስ ዴ ጃኮቢስ እ.ኤ.አ. በ1849 ምጽዋ ላይ በሌሊት፣ በድብቅ ነበር ጵጵስና የተቀበሉት። በኋላ ታሰሩ፣ ተሰደዱ፣ በ1860 በበረሃ መንገድ ላይ አረፉ። የእኛው ብፁዕ ካርዲናል ብርሃነየሱስም በደርግ ዘመን ገና ካህን ሳሉ ታስረዋል። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ደግሞ ወደ ትግራይ ስልክ ሲቋረጥ፣ ዓዲግራት ያሉት ጳጳስ እንዴት እንዳደሩ እንኳ ጠይቀን ማወቅ ያቃተን ጊዜ ነበር። ያኔ ከጸሎት ሌላ የሚደርስ ነገር አልነበረንም።

ስለዚህ «እግዚአብሔር ይርዳቸው» ብለሽ አትለፊ። ዘርዝረሽ ጸልዪ። ጳጳስ ያስተምራሉ፣ ይቀድሳሉ፣ ያስተዳድራሉ። ሦስተኛው ነው እንቅልፍ የሚነሳው። የትኛው ካህን ወደ የትኛው ቁምስና (ደብር) ይሂድ? ያለውን ገንዘብ ለክሊኒኩ ነው ወይስ ለትምህርት ቤቱ? እኛ ካቶሊኮች ከአገሩ ሕዝብ ከመቶ አንድ እንኳ አንሞላም፤ የሚጠበቅብን ሥራ ግን ከቁጥራችን በላይ ነው። ተፈናቃዩም፣ ስደተኛውም፣ ድርቅ የመታውም የጳጳሱን በር ያንኳኳል። ስለ ነፍሳቸውም ጸልዪ። እርሳቸውም ይናዘዛሉ፣ ይደክማቸዋል፣ ብቸኝነት ይሰማቸዋል።

አሁን ወደ እገዛው። ገንዘቡን አላቃልልም። ቤተ ክርስቲያን የሚያስፈልጋትን ማሟላት የምእመናን ግዴታ ነው፣ ሕገ ቀኖናውም ይለዋል። አቅምሽ የፈቀደውን ስጪ፣ አይክበድሽ። ሙያም ካለሽ አቅርቢ። ሒሳብ የምታውቂ ከሆነ የቁምስናው መዝገብ ሰው ይፈልጋል።

ከዚህ ይልቅ የምለምንሽ ሌላ ነገር አለ። ከቅዳሴ በኋላ ማኪያቶ ላይ የሚወራውን ታውቂዋለሽ። «አቡኑ እኮ እንዲህ አደረጉ» ይባላል። የጨዋታ ማጣፈጫ ይሆናሉ። በዚያ ወሬ የተስተካከለ አንድም ነገር አላየሁም። ያልተዋጠልሽን ነገር ለራሳቸው ንገሪያቸው። ሕገ ቀኖናው በ15ኛው ቀኖና፣ ምእመናን ለቤተ ክርስቲያን ጥቅም ሐሳባቸውን ለእረኞቻቸው የመግለጽ መብት፣ አንዳንዴም ግዴታ እንዳለባቸው ይናገራል፤ በአክብሮት ይሁን እንጂ። ደብዳቤ ጻፊ። ከአንድ ገጽ አይለፍ። አንድ ጉዳይ ብቻ አንሺ። ያየሽውን ጻፊ፣ የሰማሽውን ተዪው። ስምሽን አኑሪበት፤ ስም የሌለው ደብዳቤ ጥርጣሬ ነው የሚዘራው። በቆሞስሽ በኩል ላኪ ወይም ሄደሽ ለጳጳሱ ጽሕፈት ቤት ስጪ። ከመጻፍሽ በፊት ደግሞ ጥቂት ቀን ጸልዪላቸው። የምትጽፊው ቃል ሲለዝብ ታዪዋለሽ፤ እውነቱ ግን አይቀንስም። ደስ ያሰኘሽ ስብከት ካለም ጻፊላቸው። የምስጋና ደብዳቤ የሚልክ ሰው ጥቂት ነው።

አንድ ነገር ግን እንዳታምታቺ። አክብሮት በደልን መሸፈን አይደለም። ሕፃን ወይም አቅመ ደካማ ከተጎዳ ዝም አይባልም፤ ለሕግም ለቤተ ክርስቲያንም ይነገራል። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጡት ሕግ ጳጳሳትንም ጭምር ተጠያቂ ያደርጋል። ለእረኛው የሚጸልይ ሰው ለበጎቹም ግድ ይለዋል።

ከየት ልጀምር ካልሽ፣ ዓርብን ያዢ። ከምትጾሚው ጾም የአንዱን ቀን ለጳጳሳችን ስጪ፤ መቍጠሪያ ስትደግሚም አንዱን ምሥጢር፣ ማለትም ከመቍጠሪያው አንዱን ክፍል፣ ለእርሳቸው አድርጊው። ወደ ሐዋሳ ወይም ወደ ሌላ ሀገረ ስብከት ሄደሽ ካስቀደስሽ የሚጠራው የዚያ ጳጳስ ስም ነው። ቅዳሴው እንደ እኛ በግዕዝ ሥርዓት ሳይሆን በላቲን (በሮማ) ሥርዓት ቢሆንም ስማቸው ይጠራል። ያን ጊዜ ለእርሳቸው ጸልዪ፤ የእኛንም በልብሽ ጨምሪ።