ጥቁር መስሎ የሚቀላ ፈርጥ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ዱባይ ስድስት ዓመት ሠርቼ ስመለስ ማዳም ከጣቷ ላይ የወርቅ ቀለበት አውልቃ ሰጠችኝ። «ያቁት ነው፣ እንዳትሸጪው» ነው ያለችኝ። ፈርጡ ቤት ውስጥ ጥቁር ነው፤ ፀሐይ ላይ ሳወጣው ግን እንደ ወይን ጠጅ ይቀላል፣ ትንሽም ወደ ሐምራዊ ይወስደዋል። እዚህ ያሳየሁት ወርቅ ሠሪ ገና ሳይነካው «ጠርሙስ ነው» አለኝ። ሆዴ ባባ። ፎቶውን ልኬልዎታለሁ። ማንን ልመን?
(ከአዳማ)

መልስ፦ ልጄ፣ ለጊዜው ሁለቱንም አትመኚ። ፎቶ አይቶ «ድንጋዩ ይኼ ነው» የሚልሽ ሰው ካጋጠመሽም አትመኚው፤ እኔም ብሆን። ከፎቶው ይልቅ የጻፍሽው ነው ፍንጭ የሰጠኝ። ቤት ውስጥ ጥቁር፣ ፀሐይ ላይ ወይን ጠጅ፣ ሐምራዊም የሚነካካው፦ ይህ ጋርኔት ከሚባለው የከበረ ድንጋይ አንዱ ዓይነት፣ የአልማንዲን ጠባይ ነው።

ያቁት ዐረቦቹ ሩቢ የሚባለውን ውድ ቀይ ድንጋይ የሚጠሩበት ስም ነው። ማዳምሽ የዋሸችሽ አይመስለኝም፤ ለእሷም ሲሸጡላት እንዲያ ብለዋት ይሆናል። ቀይ ድንጋይን ሁሉ ባንድ ስም መጥራት ድሮም የነበረ ነው። ሮማውያንም ቀዩን ሁሉ «ትንሽ ፍም» ነበር የሚሉት።

አሁን እቤትሽ ሆነሽ የምትሞክሪው ነገር ልንገርሽ። ኮምፒውተር ጥገና ቤት ሄደሽ ከተበላሸ ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚወጣውን ብርቱ ማግኔት ለምኚ። ቴሌቪዥን ታሽጎ ከሚመጣበት ነጭ ፎም መዳፍ የምታህል ቁራሽ ቁረጪ። ሳፋ ውኃ ሞልተሽ አንሳፍፊያትና ቀለበቱን ፈርጡ ወደ ጎን እንዲያይ አድርገሽ አስቀምጪባት። መስኮቱን ዝጊ፣ ውኃው ፀጥ ይበል። መጀመሪያ ማግኔቱን በቀለበቱ ጀርባ በኩል አስጠጊው፤ ወርቁ ወርቅ ከሆነ ምንም አይሆንም። ከዚያ ዞረሽ ወደ ፈርጡ አስጠጊ፣ ግን አታስነኪው። ፎሟ ቀስ እያለች ወደ ማግኔቱ መንሸራተት ከጀመረች ጋርኔት ነው ብለሽ እመኚ። ሩቢ ወይም ጠርሙስ ቢሆን ባለችበት ትቀራለች። እኔ ይህን ለደንበኛ ሳሳይ ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ ሳፋውን ይከባል።

ነገሩ አስማት አይደለም። አልማንዲን ውስጡ ብረት አለው፤ ብረት፣ አሉሚኒየምና ሲሊካ ተዋህደው ነው የሚፈጠረው። ቅላቱም ከዚያው ብረት የመጣ ነው። ሩቢን የሚያቀላው ግን ክሮሚየም ነው። ለዚህ ነው ሩቢ አብዛኛውን ጊዜ የብር ኖት መፈተሻው መብራት ሥር ሲገባ እንደ ፍም የሚግለው፣ አልማንዲን ደግሞ ጨልሞ የሚቀረው።

ዋጋውን በተመለከተ ልሸነግልሽ አልፈልግም፤ ከጥሩ ሩቢ ጋር አይወዳደርም። አልማንዲን ህንድም፣ ስሪላንካም፣ ማዳጋስካርም ሞልቷል። እንዲያውም ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ጎር ማውንቴን ከሚባል ተራራ ይወጣ የነበረው ጋርኔት ከ1878 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየተፈጨ አናጢ እንጨት የሚያለሰልስበት ሸካራ ወረቀት ሲሠራበት ኖሯል። ይህን ሰምተሽ ግን ቀለበትሽን እንዳትንቂው። ጋርኔት የሚለው ስም የመጣው ሮማን ከሚለው የላቲን ቃል ነው። አንድ ሮማን ፈልቅቂና ፍሬዋን መስኮት ላይ አድርገሽ እያት፤ ለዚህ ቅላት ከዚያ የተሻለ ቃል የለኝም። አልማንዲን የሚለው ደግሞ አላባንዳ ከምትባል ጥንታዊ ከተማ፣ ከዛሬዋ ቱርክ የመጣ ነው። በእኛም ደጅ ያለፈ ስም ነው። በአፄ ካሌብ ዘመን አዱሊስ መጥቶ የነበረው የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስ የህንድን ወደቦች ሲዘረዝር «አላባንዴኖን» ከአንዱ ወደብ እንደሚላክ ጽፏል። ይኸው ሰው ነው የእኛ ነጋዴዎች መረግድ ይዘው ህንድ ድረስ ይዘልቁ እንደነበር የነገረን።

ወደ ጥቁረቱ ልመለስ፣ ዋናው እሱ ነውና። ቀለበቱን ገልብጪው። ከፈርጡ ሥር ወርቁ ድፍን ነው ወይስ ክፍት? ድፍን ከሆነ ጥፋቱ የድንጋዩ ሳይሆን የሠሪው ነው። እንግሊዝ አገር ሳተን ሁ ከሚባል ቦታ በ1939 እ.ኤ.አ. መርከብ አብሮ ከተቀበረበት የሰባተኛው ክፍለ ዘመን መቃብር የወጣ የወርቅ ትከሻ ማያያዣ አለ፤ አሁን ብሪቲሽ ሙዚየም ነው ያለው። የዚያን ዘመን አንጥረኞች ጋርኔቱን ስስ አድርገው ሰንጥቀው፣ ከሥሩ ጥቃቅን አራት ማዕዘን የታተመበት የወርቅ ቅጠል አንጥፈውበታል። ብርሃኑ ድንጋዩን አልፎ ወርቁን መትቶ ይመለሳል፤ ቀይ የሚያደርገው ያ ነው። ከ1,400 ዓመት ገደማ በኋላ የእኛ ሰው ወፍራሙን ድንጋይ ያመጣና ከሥሩ ድፍን አድርጎ ይቀብረዋል! አንዲት ደንበኛዬ የእናቷን ቀለበት እንዲሁ «ጠቁሮብኛል» ብላ አምጥታልኝ፣ ከጀርባው የምስር ፍሬ የምታህል መስኮት ከፈትኩላት። ሌላ ምንም አልነካሁም። በር ላይ ወጥታ ስታየው «ቀየርከው እንዴ?» ብላ ተጣላችኝ።

መስኮት አስከፍታለሁ ካልሽ ግን አንድ ነገር አደራ፦ እሳት ከመነካቱ በፊት ፈርጡ ይውጣ። በወጣትነቴ፣ ተቀጥሬ ስሠራ፣ አንድ የጠበበ ቀለበት ላሰፋ ብዬ ፈርጡን ሳላወጣ እሳት ሰጠሁት። ትኩሱን ውኃ ውስጥ ስጥለው «ጧ!» አለ። ሳወጣው መሃሉ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነጭ ስንጥቅ። ከሁለት ወር ደሞዜ ተቆረጠ፤ ይገባኝም ነበር።

ለማጠቡ ለብ ያለ ውኃ፣ ሳሙናና ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይበቃል።

ጥያቄ፦ የተወለድኩት ጥር 27 ነው። የጥር ወር ዕንቁ ጋርኔት ነው ስለተባልኩ ላሠራ ነው። ትክክል ነኝ?
(ከደሴ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያ የየወሩ ዕንቁ ዝርዝር የአሜሪካ ጌጣጌጥ ነጋዴዎች በ1912 እ.ኤ.አ. ያጸደቁት ነው፣ ጥራቸውም ጃንዋሪ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከታኅሣሥ 23 እስከ ጥር 23 ድረስ ማለት ነው። የአስተርእዮ ማርያም ዕለት የተወለደ ይደርስበታል፤ አንተ ግን በአራት ቀን አመለጠህ፣ የፌብሩዋሪው፣ ሐምራዊው አሜቴስት ነህ። ቀዩን ከወደድከው ቀዩን አሠራው፤ ልደቱን ጠይቄ ቀለበት የሠራሁለት ሰው የለም። ብቻ ከጀርባው ክፍት ይሁን።